ጠግቦ የመጣው በሬ

አንድ ደረቅ አገር ነበር። ከታች ቆላው፣ ከመካከል ወይና ደጋው፣ ከላይ ደግሞ ንጉሡ የሚቀመጥበት ደጋው አለ። ዝናብ በዚያ አገር እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ሲመጣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ሲቀር ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይከፋም። ቆላው ወዲያው ይጨነቃል። ወይና ደጋው ቆይቶ ይሰማዋል። ደጋው ምንጭ ስላለው ያን ጊዜ ገና ስለ ሠርግና ስለ ድግስ ያወራል። የአገሩ አዛውንቶች "ድርቅ እግር አለው፤ ከቆላ ተነሥቶ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣል" ይሉ ነበር። ይሉ ነበር እንጂ ሲወጣ ልየው ብሎ የወረደ አልነበረም።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ለንጉሡ ገጸ በረከት ይመጣል። ከቆላ አንድ በሬ፣ ከወይና ደጋ አንድ ጋን ማር። በሬው በግቢው አደባባይ ሲዞር ሕዝቡ ያያል፣ ያደንቃል፣ እልል ይላል። ንጉሡም የአገሩን ጤና የሚያውቀው በዚሁ ነበር። በሬው ከሰባ ቆላ ደህና ከርሟል፤ ጋኑ ከሞላ ወይና ደጋ ደህና ከርሟል። ወርዶ ማየት ለምን ያስፈልጋል? መውረዱስ ቀላል ነበር፣ መመለሻው ዳገት ነው እንጂ።

በንጉሡ አያት ዘመን አንድ የቆላ ጎሣ በክፉ ዓመት የከሳ በሬ ይዞ መጥቶ ነበር። አደባባዩ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጎሣ "እነ ከሲታ" ተባለ። ሴት ልጅ ሲድሩም፣ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡም ስሙ አልለቀቃቸው። ሰው የራበውን ቀን ይረሳል፤ የወጣለትን ቅጽል ስም ግን ሌላው አይረሳለትም። ስለዚህ በቆላ አንድ ያልታወጀ ሕግ ጸና። ሰው ይክሳ እንጂ የንጉሥ በሬ አይከሳም።

በዚያ ቆላ ሐመዱ የሚባል ሽማግሌ ነበር። መንደሩ የሚጠጣበትን ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚከተል፣ ለማን ስንት ቅል እንደሚደርሰው የሚወስነው ሐመዱ ነው፤ አዳላ ብሎ የሚያማውም አልነበረም። ከእሱ ጋር የምትኖረው የልጁ ልጅ ዘሐራ ናት። እናትና አባት የላትም። የወተት ጥርሷን መንቀል የጀመረች ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

አንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ክረምቱም ደመናውን አሳይቶ ሄደ። መጀመሪያ ኩሬዎቹ ደረቁ። ከዚያ ላሞቹ መውደቅ ጀመሩ። ላም በጥም ስትሞት ታጓራለች ብሎ የሚያስብ ካለ አላየም ማለት ነው። ዝም ብላ ትተኛለች፣ ዝም ብላም አትነሣም። መንደሩን ያስፈራው ይህ ዝምታ ነበር። አሞሮች በየዛፉ ተቀምጠው ሰው ሲቀርባቸው እንኳ አይነሡም፤ ከጥጋብ ብዛት መብረር ከብዷቸዋል። በጉድጓዱ አፍ የቆሙ ሴቶች ወሬ ትተው ጆሯቸውን ወደ ታች ሰጡ። ገመዱ ተቀጠለ፣ እንደገናም ተቀጠለ። መቅጃው ታች ሲደርስ ውኃ የሚመታ ድምፅ ይሰማ የነበረው ቀርቶ ድንጋይ የሚፍቅ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

መስከረም ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ፣ "ዘንድሮ በሬው ቢቀርስ?" አለ።

"ልጆችህን እነ ከሲታ ልታሰኛቸው ነው?" አለው ሌላው።

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። በሬው ተመረጠ። ሐመዱም ከእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ላይ አንድ አንድ ቅል ውኃ ለበሬው እንዲቀነስ ፈረደ፤ ቅነሳውንም ከራሱ ቤት ጀመረ። ለሰው የቀረውን ጥቂት ሣርም በሬው በላው። ለሰው ስል ሰው ሣር ይበላል ማለቴ አይደለም፤ ያን ሣር አንዲት የምትታለብ ፍየል ብትበላው ኖሮ ለልጆቹ ወተት ይሆን ነበር ማለቴ ነው።

ዘሐራ በሬው ሲጠጣ አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።

"አባባ፣ እሱ የተረፈውን እኔ ልጠጣ?"

"አይተርፈውም፣ ልጄ።"

"እኛ ሳንጠጣ እሱ ለምን ይጠጣል?"

"ንጉሡ እንዳይንቀን ነው።"

ዘሐራ ጥቂት አሰበች። "ንጉሡ ያውቀናል እንዴ?" አለች።

ሐመዱ ተነሣ። በሬውን እየነዳ መንገድ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሲሸኙት አንድ አደራ ጨመሩበት። በደጋው ትከሻ ላይ ንጉሡ ከልክሎ ያቆየው ሰፊ ሣር አለ። ያ ክልክል ከተከፈተ የቀሩት ከብቶች ወጥተው ይግጣሉ፣ ላሞቹ ወተት ይይዛሉ፣ ልጆቹም ይተርፋሉ። "ይህን ለምንልን፤ ሌላ ነገር አንፈልግም" አሉት። ሐመዱ ዳገቱን ሲወጣ በሬው እየተንጎማለለ ከፊት ይሄዳል፣ እሱ በዱላው ተደግፎ ከኋላ ይጎተታል። የወይና ደጋ ሰዎች ከመንገድ ዳር ሆነው በሬውን አዩና "ቆላስ ዘንድሮ ጠግቧል" ተባባሉ።

ንጉሡ ከመቀመጫው ወርዶ በሬውን ዞሮ አየው። ሻኛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ፈገግ አለ።

"ቆላ እንዴት ከረመ?"

"ተመስገን ነው፣ ጃንሆይ" አለ ሐመዱ።

በዚያ አገር የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ "ተመስገን" ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ያለ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ቢባል መጀመሪያ "ተመስገን" ይልና "እሳት ይዞናል" የሚለውን ቀጥሎ ይናገራል። ክፋቱ፣ ብዙ ጠያቂ ሁለተኛውን መልስ እስኪሰማ አለመቆሙ ነው።

"ብቻ ግጦሹ ሳሳብን፣ ጃንሆይ" አለ ሐመዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ውኃውም ሸሸብን። ክልክሉ ቢከፈትልን ብለን ነበር።"

ንጉሡ ሳቀ። "ይህን በሬ ያሰባ አገር ሣር ይለምናል? በጥጋብ ላይ ጥጋብ አማራችሁ እንዴ?"

መኳንንቱም ተከትለው ሳቁ። ሐመዱ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መናገር ነበረበት። "ይህ በሬ የጠጣው የልጆቻችንን ውኃ ነው" ማለት። ሊናገረውም አሰበ። ዙሪያውን ሲያይ ግን ሁሉም ይስቃል፤ "እነ ከሲታ" የሚለው ስም ትዝ አለው። "እርስዎ እንዳሉ ነው፣ ጃንሆይ" ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ክብር የሚሉት ነገር ሆድ ስለሌለው አይራብም። የሚራበው የተሸከመው ሰው ነው።

ሐመዱ ሲመለስ ዘሐራን አላገኛትም። ጎረቤቶች ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቀብረዋት ነበር። መቃብሯ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። በአደባባይ እንዳይሳቅበት ብሎ ዝም ያለው ሽማግሌ በአንዲት ሕፃን መቃብር ፊት ቀና ማለት አቃተው።

የቀሩት ቆላዎች ከሞት የተረፉ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ወይና ደጋ ወጡ። የወይና ደጋው ሹም ጭቃ ሹም ቢያድግልኝ ከመንደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራው ለራሱ መንደር ግጦሽ ነው። "ቆላ መቼ ረጥቦ ያውቃል? እናንተ ድርቁን ለምዳችሁታል፤ ትችሉታላችሁ" ብሎ መለሳቸው። ሞትን የሚለምድ ሰው ያለ ይመስል።

በተከታዩ ዓመት ድርቁ እዚያው ጭቃ ሹሙ ከቆመበት ደረሰ። ማሽላው በቀለ፣ ረዘመ፣ ግን ፍሬ ሳይዝ በቁሙ ደረቀ። ከሩቅ ለሚያየው ሙሉ ማሳ ይመስላል። ንቦቹም ቀፏቸውን ጥለው ሄዱ። መስከረም ሲመጣ ቢያድግልኝ ከቤት ቤት እየዞረ ለአራስና ለበሽተኛ የተቀመጠውን ማር አንጠፍጥፎ ጋኑን ሞላ። በንጉሡ ፊት ቀርቦም "ተመስገን ነው፣ ጃንሆይ፤ ማሽላው ብቻ ትንሽ ዘገየብን" አለ። ንጉሡ ማሩን በጣቱ ቀምሶ አመሰገነው። ከቆላ ዘንድሮ በሬ አልመጣም፤ ሊመጣ የሚችል በሬም አልቀረም። ንጉሡ ግን "ጠግበው ረሱን ማለት ነው" አለ።

በሦስተኛው ዓመት ድርቁ ደጋ ወጣ። ሲወጣ ድርቅ አይመስልም ነበር። ሰማዩ ጥርት አለ፣ ፀሐዩም ደስ ይላል። ደመና የሌለው ሰማይ ግን ውርጭ ያወርዳል፤ ሰዎች ጠዋት ሲነሡ ገብሱን እሳት የበላው መስሎ ጠቁሮ አገኙት። ጎተራዎች ጎደሉ። አንድ ቤት ጭስ ካልታየበት ጎረቤት "እነ እገሌ ቸገራቸው" ይላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በባዶ ድስት ሥር እሳት ማንደድ ጀመረ። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ጭስ እያየ "የተራብነው እኛ ብቻ ነን" ብሎ ፈራ፣ አፈረም። ንጉሡ ደግሞ ከሰገነቱ ሆኖ ያን ሁሉ ጭስ ያይና "አገሬ እየበላ ነው" ይላል።

አንድ ጠዋት ንጉሡ ሲነቃ አንድ ነገር ጎደለበት። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ከመስኮቱ ሥር ሲፈስ ይሰማው የነበረው የምንጩ ድምፅ ነው የጠፋው። ወርዶ አየ። ውኃው ከድንጋዩ ሥር እንደ እንባ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይፈስም። ንጉሡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም ነበር። ፈርቶ ግን ለማን ነገረ? ለማንም አልነገረም። የምንጩን በር አዘግቶ ዘበኛ አቆመበት።

ሐመዱ በዚያን ጊዜ ደጋ ወጥቶ ነበር። ከብት ስላልቀረው በንጉሡ በረት ከብት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ይህ ያን በሬ ያመጣው ሰው ነው ያለ አንድም አልነበረም። ሁሉም የሚያስታውሰው በሬውን ነው።

በዚያ ሰሞን ከወንዝ ማዶ ካለው መንግሥት ነጋድራስ ሸሪፍ የሚባል መልእክተኛ እንደሚመጣ ተሰማ። የማዶው ንጉሥ ጎተራው ሙሉ ነበር። መልእክቱም እንዲህ ይላል፦ "ከአገርህ አቧራ ሲነሣ አየሁ፤ ሰጋሁልህ። መልእክተኛዬ መጥቶ ይይ። ቸግሮህ ከሆነ ወንዙ ሳይሞላ እህሉን በበቅሎ አሻግራለሁ። ደህና ከሆንክ ግን ሌላ የቸገረው ጎረቤት አለኝ፤ ለእሱ እሰጣለሁ።"

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ። "ባዶነታችንን ካወቁ ይንቁናል። ከናቁን ይወሩናል" አለ። ወዲያው ትልቅ የግብር ድግስ እንዲዘጋጅ አዘዘ። በበረቱ የቀረው ትልቅ በሬ ተመርጦ መልእክተኛው እስኪደርስ የቀረውን ድርቆሽ እንዲበላና የምንጩን ውኃ እንዲጠጣ ተባለ። ምንጩ ዘንድ ውኃ ለመቅዳት የመጡ ሴቶችም እንስራቸውን ይዘው ከበሩ ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ።

በሬውን እንዲያጠጣ የታዘዘው ሐመዱ ነበር። ንጉሡ ራሱ ሊያይ ወደ በረቱ ሲመጣ ሽማግሌው ውኃ የሞላውን ትንሽ የእንጨት ገንዳ ይዞ ቆሟል። በሬው አንገቱን ይዘረጋል፤ ሐመዱ ገንዳውን አያስጠጋለትም።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ ንጉሡ።

"ጃንሆይ፣ እኔ ይህን በሬ አላጠጣም።"

በዚያ ቤት ንጉሥን "አላደርግም" ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

"ከሁለት ዓመት በፊት ከቆላ የሰባ በሬ ይዞልዎት የመጣው እኔ ነኝ" አለ። "ያ በሬ የሰባው የልጆቻችንን ድርሻ ጠጥቶ ነው። አንዷ የልጄ ልጅ ናት፤ ዘሐራ ትባል ነበር። ስመለስ ቀብረዋት አገኘሁ።"

ንጉሡ ወደ ሐመዱ ጠጋ አለ። "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ፣ ጃንሆይ። እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ። እርስዎም በሬውን ዞረው አዩት፤ እኔን ግን አላዩኝም። ቢያዩኝ አጥንቴ ይነግርዎት ነበር።"

"እንግዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

"የሁለታችንም ነው። እኔ ደበቅኩ፤ የእኔ መደበቅ ደግሞ ለእርስዎ ተስማማዎት። ዛሬ እርስዎ ሊደብቁ ነው። ነጋድራሱም በሬውን አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከውጭ እንስራ ይዘው የቆሙትን ሴቶች ማን ይቀብራቸዋል?"

"ደካማ መሆናችንን ካወቁ ቢወሩንስ?"

"የሞተ አገር ለመውረር ማን ይደክማል፣ ጃንሆይ?"

ንጉሡ አልተቆጣም። ሐመዱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ያን ያህል ጊዜ በቤቱ የኖረውን ሰው ያየው ገና ያን ዕለት ነው። የልብሱን ቅዳጅ፣ የጉንጩን ጉድጓድ፣ ያገጠጠ አጥንቱን አየ። ከዚያ ገንዳውን ከሐመዱ እጅ ተቀብሎ ወደ ምንጩ በር ሄደ፣ ከፊት ለቆመችው ሴት እንስራ ውስጥ በገዛ እጁ ገለበጠላት።

ነጋድራስ ሸሪፍ ሲደርስ ድግስ አልጠበቀውም። ንጉሡ ወደ ምንጩ ወሰደው። በሩ ተከፍቷል፣ ሕዝቡም ተሰብስቧል። ንጉሡ ውኃው ጠብ ጠብ በሚልበት ድንጋይ አጠገብ ቆሞ፣ "ጌታህ ይክበር። ተመስገን ነው" አለ። የሚቀጥለው ቃል ከየትኛውም ጦር ይልቅ የከበደው ይመስላል። "ርቦናል" አለ። "ቆላው አልቋል፣ ወይና ደጋው እያለቀ ነው፣ እኛም ተርበናል።"

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት እንስራዋን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። "እኛም እኮ በባዶ ድስት ነው የምናነደው" አለች። "እኛም" አለች ጎረቤቷ። "እኛም" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ያን ሁሉ ጊዜ በጭስ ሲደባበቁ የኖሩ ሰዎች ተያዩ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ብቻውን የሚፈራ ሰው ግን ከዚያ በኋላ አልነበረም።

እህሉ ወንዙ ሳይሞላ ተሻገረ። ንጉሡ ጭነቱን ከላይ ጀምሮ አላከፋፈለም፤ የመጀመሪያዎቹን በቅሎዎች በቀጥታ ወደ ቆላ ላካቸው፣ ክልክሉንም ከፈተ። ለብዙዎች ደረሰ። ለብዙዎች ደግሞ አልደረሰም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እነሱ ቅጠሉን ያነሡት አብዛኛው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገጸ በረከት በሬ ዳገቱን ወጥቶ አያውቅም። መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ራሱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከጉድጓዱ አፍ፣ ከዚያ ግራር አጠገብ ይቀመጣል። "እንዴት ከረማችሁ?" ይላል። "ተመስገን ነው፣ ጃንሆይ" ይሉታል። ንጉሡ አይነሣም። ሁለተኛው መልስ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል።

ወዳጄ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ድርቅ ሁሉንም እኩል አይመታም፣ በአንድ ቀንም አይመጣም፤ ከታች ያለው ሲደርቅ ከላይ ያለው ገና ምንጩን እየሰማ ይተኛል። ግን አገር አንድ ዳገት ነው፣ የታችኛው ዛሬ ያየውን የላይኛው ነገ ያየዋል። ደግሞም በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሁን እንጂ የታመመው እንዳይናገር ያደረገው የእኛ ሳቅ ከሆነ፣ ጥፋቱን ለእሱ ብቻ ልንተወው አንችልም።

አሁን ይህን ስታነብ አንተን "ተመስገን፣ ደህና ነን" ያለህ ሰው ትዝ ይበልህ። ሁለተኛውን መልስ ጠብቀህ ሰምተሃል? ወይስ የሰባውን በሬ አይተህ ተመለስክ?